ዱቄት ሳሙናው ቀለለ፣ ግን ፈሳሽ አልጠጣም፦ የማድረቂያው ሙቀት የቅንጣቱን ገጽ እንዴት ይሠራዋል?

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አዲስ አበባ ዳር ባለ የዱቄት ሳሙና ፋብሪካ የምርት ኬሚስት ነኝ። ስለሪውን (ጨዎቹና ማጽጃው በውሃ የተደባለቁበትን ወፍራም ፈሳሽ) በኖዝል (በመርጫ አፍ) ረጭተን ታወር (ረጅም የማድረቂያ ማማ) ውስጥ በሞቀ አየር እናደርቃለን። ከታወሩ በወጣው ዱቄት ላይ ደግሞ ኖንአዮኒክ (ፈሳሽ ማጽጃ) እና ሽቶ እንረጭበታለን። ድሮ ዱቄቱ ይህን ፈሳሽ ጭልጥ አድርጎ ይጠጣ ነበር። አሁን ፈሳሹ ላዩ ላይ ይቀራል፣ ዱቄቱ ይረጥባል፣ ከረጢት ውስጥ ይጓጉላል። ፎርሙላው አልተለወጠም። ‹ቀዳዳው አንሶ ነው› ብለን የሚገባውን አየር ከ280 ወደ 320 ዲግሪ ከፍ አደረግነው። ዱቄቱ ቀለለ፤ ሊትሩ 420 ግራም የነበረው 350 ሆነ። ብናኙ ግን በዛ፣ መጓጎሉም ባሰበት። የማድረቂያው ሁኔታ የቅንጣቱን ገጽ የሚሠራው እንዴት ነው? ምኑን ብናስተካክል ይሻላል? የጓጎለውንስ ምን እናድርገው?»

ምላሽ

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ቁጥሮቹን አብረሽ ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ፤ የመልሱ ግማሽ እዚያው ውስጥ ነው ያለው። ዱቄቱ ቀለለ፣ ፈሳሽ ግን አልጠጣም። ስለዚህ ሙቀቱ ቀዳዳ ጨምሮልሻል። የጨመረልሽ ግን የማትፈልጊውን ዓይነት ቀዳዳ ነው።

አንድ የሳሙና ቅንጣት ውስጥ ሁለት ዓይነት ቀዳዳ አለ። አንዱ ትልቁ ነው። እንፋሎት ቅንጣቱን ከውስጥ ሲነፋው ወይም ቅርፊቱን በስቶ ሲወጣ የሚተወው ነው። ስፋቱ በአሥር ማይክሮኖች ይቆጠራል፣ መቶ የሚያልፍም አለ። በእጅ ማጉያ መነጽር ታዪዋለሽ። ሌላው ደቃቁ ነው። እርስ በርስ በተጠላለፉ የጨው ክሪስታሎች መካከል የሚቀር ክፍተት ነው፤ ጥቂት ማይክሮን ወይም ከዚያ በታች ነው። ይህን በእጅ መነጽር አታዪውም። ቅንጣቱ ተሰብሮ ውስጡ ሲታይ ብቻ የደበዘዘና የኖራ መልክ ያለው ይመስላል።

ቡልክ ዴንሲቲውን (አንድ ሊትር ዱቄት የሚመዝነውን) በዋናነት የሚወስነው ትልቁ ቀዳዳ ነው። ፈሳሽ ይዞ የሚያቆየው ደግሞ ደቃቁ ነው። ፈሳሽን ወደ ቀዳዳ ስቦ የሚይዘው ኃይል ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ይበረታል። ራዲየሱ 1 ማይክሮን የሆነ ቀዳዳ 50 ማይክሮን ከሆነው ይልቅ 50 እጥፍ አጥብቆ ይይዛል። ትልቁ ጉድጓድ ኖንአዮኒኩን በሚረጭበት ሚክሰር (ማደባለቂያ) ውስጥ ሊቀበለው ይችላል። ከረጢት በከረጢት ላይ ተደርድሮ ሲጫነው ግን መልሶ ይተፋዋል። የተተፋው ፈሳሽ ቅንጣቱን ከጎረቤቱ ጋር ያጣብቀዋል። ያ ነው መጓጎሉ።

ስለዚህ «ቀዳዳ እንጨምር» ከማለት በፊት «የትኛውን?» ማለት ያስፈልጋል። ትልቁ የሚሠራው ታወሩ ውስጥ ነው። ደቃቁ ግን አብዛኛው ሥራው የሚያልቀው ስለሪው ገና ሚክሰር ውስጥ እያለ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የጠየቅሽኝን የማድረቂያውን ነገር ልጨርስ።

አንዲት ጠብታ ከኖዝል ስትወጣ ሦስተኛው እጅ ያህሏ ውሃ ነው፤ የእናንተም ስለሪ ከ30 እስከ 40 በመቶ ውሃ ሳይኖረው አይቀርም። የጠብታዋ ዕድሜ በሰከንዶች የሚቆጠር ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይዋ እርጥብ ነው። የምትቀበለውን ሙቀት በሙሉ ውሃ ለማትነን ታውለዋለች። ስለዚህ ዙሪያዋ ያለው አየር ምንም ያህል ቢሞቅ እሷ ራሷ ከመፍያው ነጥብ በደንብ ዝቅ ብላ ትቆያለች። በዚህ ጊዜ ቅንጣቱ አይነፋም። የሚሆነው ሌላ ነገር ነው፤ ውሃው ከላይ ሲሄድ የሟሟው ጨውና ሰርፋክታንት (ቆሻሻ የሚያስለቅቀው ንጥረ ነገር) ላዩ ላይ ይከማቻል።

እዚህ ላይ ሁለት ፍጥነቶች ይፎካከራሉ። አንደኛው ውሃው ከላይ የሚተንበት ፍጥነት ነው። ሁለተኛው ላዩ ላይ የተከማቸው ነገር ወደ መሀል ተመልሶ የሚሰራጭበት ፍጥነት ነው። ትነቱ ቀርፋፋ ከሆነ ነገሩ ተመጣጥኖ ይደርቃል። ጠብታዋ ወደ ውስጥ እየተሰበሰበች ትንሽ፣ ድፍንና ከባድ ቅንጣት ትሆናለች። ትነቱ ሲፈጥን ግን ጨዉ ወደ ውስጥ ለመመለስ ጊዜ አያገኝም፤ ላይ ላዩን ቅርፊት ይሠራል። ያኔ የቅንጣቱ የውጭ ስፋት እዚያው ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ውሃ ሁሉ ከኋላው ባዶ ቦታ ትቶ ነው የሚሄደው። ባለሙያዎች የእነዚህን ሁለት ፍጥነቶች ጥምርታ ፔክሌት ቁጥር ይሉታል። ከአንድ በጣም ሲበልጥ ባዶ ሆድ ያለው ቅንጣት ጠብቂ።

ሁለተኛው ምዕራፍ የሚጀምረው ቅርፊቱ ከተዘጋ በኋላ ነው። ውሃው በቅርፊቱ ውስጥ ሾልኮ መውጣት አለበት፤ ትነቱ ይቀንሳል። የሚመጣው ሙቀት ግን አልቀነሰም። ስለዚህ ቅንጣቱ መጋል ይጀምራል። በመጨረሻ ውስጡ የቀረው ውሃ ይፈላል።

ወተት ስታፈዪ ስልባቦቱን አስቢ። ወተቱ የሚገነፍለው ላዩ ላይ ስልባቦት ከሠራ በኋላ ነው፤ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ስልባቦቱን ከሥር ይገፋዋል። የጠብታዋም ነገር እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የጠብታዋ ስልባቦት ዙሪያዋን የሸፈነ መሆኑ ነው።

ታዲያ ገጹ ምን ይመስላል የሚለው የሚወሰነው በዚያች ቅጽበት ቅርፊቱ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ነው። ቅርፊቱ ለስላሳና የሚለጠጥ ከሆነ ቅንጣቱ እንደ ፊኛ ይነፋል፤ ገጹ ለስላሳ ሆኖ ውስጡ ባዶ ይሆናል። ከተነፋ በኋላ ሳይጠነክር ወደ ቀዝቃዛው አየር ማንሻ (ዱቄቱን በአየር ወደ ላይ የሚያጓጉዘው ቱቦ) ከገባ ደግሞ ውስጡ ያለው እንፋሎት ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ቅንጣቱም ይሰረጉዳል። ቅርፊቱ ደረቅና ግትር ጨው ከሆነ አይለጠጥም። ወይ ይሰነጠቃል፣ ወይ በአንድ በኩል ተበስቶ እሳተ ገሞራ የመሰለ አፍ ያወጣል። ቅርፊቱ ከመጀመሪያውም ክፍተት ያለበት የክሪስታል መረብ ከሆነ ግን እንፋሎቱ ያለ ግፊት ሾልኮ ይወጣል፤ ቅንጣቱ ቅርፁን ይዞ ገጹ ወንፊት ይመስላል። አንቺ የምትፈልጊው ይህን የመጨረሻውን ነው።

ይህን ነገር ቻርልስዎርዝና ማርሻል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1960 እ.ኤ.አ. በደንብ አሳይተውታል። ጨው የሟሟባትን አንዲት ጠብታ በቀጭን የመስታወት ክር ላይ ሰቅለው የሞቀ አየር እየነፉባት ቅርፊቷ ሲሠራ ተከታተሉ። የአየሩ ሙቀት ከፈሳሹ መፍያ በላይ ሲሆንና በታች ሲሆን የሚወጣው ቅርፅ እንደሚለያይ አዩ። እኔ እስከ ዛሬ ታወር ሳይ የማስበው ያቺን ጠብታ ነው። ሠራተኛው የሚያየው የቴርሞሜትሩን ቁጥር ነው። ቅንጣቱን የሚሠራው ግን ቅርፊት የሚዘጋበት ሰዓትና መፍላት የሚጀምርበት ሰዓት የትኛው እንደቀደመና በመካከላቸው ስንት ጊዜ እንዳለ ነው።

የታወሩ አሠራርም እዚህ ይገባል። አብዛኛው የሳሙና ታወር አየሩ ከታች ገብቶ ወደ ላይ የሚሄድ፣ ጠብታው ከላይ የሚወርድበት ነው። የእናንተም እንደዚያ ይመስለኛል። በዚህ አሠራር እርጥቡ ጠብታ መጀመሪያ የሚያገኘው ቀዝቀዝ ያለውንና እርጥበት የጠገበውን አየር ነው፤ ታወሩ አናት ላይ ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ገደማ ማለት ነው። ወደ 300 የሚጠጋውን ሙቀት የሚያገኘው ታች ሲደርስ፣ ቅርፊቱ ከተሠራ በኋላ ነው። ስለዚህ ከበድ ያለና ጠንካራ ዱቄት ይወጣል። አየሩና ጠብታው አብረው ከላይ ወደ ታች በሚወርዱበት ታወር ደግሞ እርጥቡ ጠብታ ወዲያው ከእሳቱ ጋር ይገናኛል። ቅርፊቱ ቀጭን ሳለ ይነፋል፤ ቀላልና ስስ ግድግዳ ያለው ዱቄት ይወጣል።

አሁን 320 ዲግሪ ስታደርጉት ምን እንደሆነ ማየት እንችላለን። የጨመራችሁት ሙቀት መጀመሪያ የሚያገኘው ታች የደረሰውን፣ ቅርፊቱ የተዘጋውን ቅንጣት ነው። ውስጡ የቀረችው ውሃ በኃይል ፈላች። ቅንጣቱ ተነፋ፣ ግድግዳው ሳሳ። ለዚህ ነው ሊትሩ ከ420 ወደ 350 የወረደው። ስስ ግድግዳ ደግሞ አየር ማንሻው ውስጥ እየተጋጨ ይሰበራል፤ ብናኙ ከዚያ መጣ። ብናኙ በበዛ መጠን የምትረጩት ፈሳሽ መጀመሪያ ብናኙን ያቦካዋል። መጓጎሉ የባሰውም ለዚህ ነው። ደቃቁ ቀዳዳ በዚህ ሁሉ ውስጥ ምንም አልተጨመረለትም።

እንዲያውም ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ሲሊኬት ትጠቀማላችሁ ብዬ ልገምት። ሲሊኬት ሲደርቅ መስታወት የመሰለ ፊልም ይሠራል። ቅንጣቱን ያጠነክረዋል፣ በልክ ሲሆን ጥሩ ነው። ሲበዛ ወይም ከልክ በላይ ሲደርቅ ግን የክሪስታሉን ክፍተት ይደፍነዋል። ዚዮላይት (ውሃ የሚያለሰልስ ደቃቅ ማዕድን) ካለበት ደግሞ ሁለቱ ተያይዘው በውሃ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆናሉ፤ ጥቁር ልብስ ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ የሚቀረው እሱ ነው። ሰርፋክታንቱም ጣጣ አለው። ውሃ ሲያጣ ወፍራምና የሚያጣብቅ ይሆናል፤ ቅንጣቱ ሲግል ለስልሶ ወደ ገጹ ይወጣና ቀዳዳውን ይለስነዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ በመሀል ላስገባ። ሙቀት ስትጨምሩ ታወሩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ዱቄትም ይግላል። ውስጡ ሰርፋክታንት አለ፤ ይጠቁራል፣ አልፎም ሊጨስ ይችላል። ቡናማ ቅንጣት ዱቄቱ ውስጥ ካያችሁ ሙቀቱን ቀንሱ፣ ታወሩንም አጥቡ።

ወደ ከፍታው ጉዳይ ልምጣ፤ ብዙ ፋብሪካ የሚዘነጋው ይህን ነው። የታወሩ መመሪያ የተጻፈው ባሕር ጠለል አጠገብ ላለ ፋብሪካ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት። እዚህ የአየር ግፊቱ በሩብ ያህል ያንሳል። ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለሪው ጨው ስለበዛበት መፍያው ከዚያ በጥቂት ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ ግን አይጠፋም። ስለዚህ ቅንጣቱ እዚህ ቀድሞ ይፈላል፤ ቅርፊቱ ለመጠንከር የሚያገኘው ጊዜ ያጥራል። እንፋሎቱም ይሰፋል። ባሕር ጠለል ላይ አንድ ግራም ውሃ ሲፈላ 1.7 ሊትር ያህል እንፋሎት ይሆናል፤ አዲስ አበባ ላይ 2.2 ሊትር ገደማ ይደርሳል። ያው ጠብታ፣ ያው ሙቀት፣ ግን የበለጠ መነፋት።

ሌላም አለ። ፋኑ የሚገፋው አየር በመጠን ያው ነው፤ በክብደት ግን በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ሙቀቱን የሚሸከመው ደግሞ የአየሩ ክብደት ነው። ስለዚህ በመመሪያው የአየር መጠን ስትሠሩ ዱቄቱ እርጥብ ይሆንባችኋል። ሠራተኛው የሚያውቀው መፍትሔ አንድ ነው፤ ሙቀቱን ከፍ ማድረግ። ሙቀት ሲጨምር መነፋቱ ይብሳል። እኔ ብሆን ቅድሚያ የምሰጠው ለአየሩ መጠን ነው። ፋኑ አቅም ካለው አየሩን ጨምራችሁ ሙቀቱን ወደ 280 መልሱት። ፋኑ ጥግ ደርሶ ከሆነ የስለሪውን ፍሰት ትንሽ ቀንሱ። ምርቱ በሰዓት ይቀንሳል፤ አለቆችሽ ቅር ይላቸው ይሆናል። ከተመላሽ ከረጢት ግን ይሻላል። አየር ስትጨምሩ ሳይክሎኑ (ብናኙን ከአየሩ የሚለየው ዕቃ) የሚይዘውን ብናኝ ተከታተሉ፤ ወደ ላይ የሚነፍሰው አየር በጣም ከፈጠነ ደቃቁን ዱቄት ይዞት ይወጣል።

ብዙ ጊዜ «ክረምት ገብቶ አየሩ ረጥቦ ነው» ሲባል እሰማለሁ። ለታወሩ ይህ ሰበብ ደካማ ነው። አንድ ኪሎ አየር ከ300 ወደ 95 ዲግሪ ሲወርድ 80 ግራም ያህል ውሃ የማትነን አቅም አለው፤ በግድግዳው የሚባክነው ሙቀት ሳይቆጠር ማለት ነው። በክረምትና በበጋ አየር መካከል ያለው የእርጥበት ልዩነት ግን በኪሎ ጥቂት ግራም ነው። ክረምቱ የሚጎዳው ከታወሩ በኋላ ነው። አየር ማንሻው የውጭውን አየር ይስባል፣ መጋዘኑም እርጥብ ነው። በደንብ የደረቀ ዱቄት እዚያ እርጥበት መልሶ ይጠጣል። ስለዚህ ክረምት ላይ የከረጢቱን ውስጠኛ ላስቲክና የመጋዘኑን በር ተቆጣጠሩ፤ የታወሩን ሙቀት አትንኩ።

አሁን ወደ ደቃቁ ቀዳዳ። «ፎርሙላው አልተለወጠም» ብለሻል። አምንሻለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው አልተለወጠም። ክሪስታሉ ግን ሳይለወጥ አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ፎርሙላችሁ ውስጥ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) እና ሶዲየም ሰልፌት አሉ። ሁለቱ ትኩስ ስለሪ ውስጥ አብረው ሲሆኑ ቡርካይት የሚባል ጥምር ጨው ይሠራሉ። አንድ የካርቦኔት ሞለኪውል ሁለት ሰልፌት ይይዛል፤ በክብደት ወደ 27 ለ 73 ነው። በተፈጥሮም ይገኛል፣ ካሊፎርኒያ ያለው የሰርልስ ሐይቅ ለዚህ ይታወቃል። ቡርካይት ዝም ብሎ ሲያድግ ትልልቅና ድፍን ክሪስታል ይሆናል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሰፊና ጥቂት ነው፣ ፈሳሽ አይይዝም። ትንሽ ፖሊአክሪሌት ወይም መሰል ፖሊመር (ረጅም ሰንሰለት የሚመስል ሞለኪውል) አስቀድሞ ስለሪው ውስጥ ካለ ግን ፖሊመሩ የክሪስታሉ ገጽ ላይ ተጣብቆ እድገቱን ይገታዋል። ያኔ ክሪስታሉ ደቃቅና መርፌ መሰል ሆኖ ይቀራል። መርፌዎቹ እርስ በርስ ተጠላልፈው ሲደርቁ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት ነው ኖንአዮኒኩን የሚጠጣልሽ። ሶዳ አሽ ብቻውንም ቢሆን ትኩስ ስለሪ ውስጥ ሞኖሃይድሬት (አንድ የውሃ ሞለኪውል የያዘ ክሪስታል) ይሠራል፤ እሱም በዚሁ መንገድ ሊደቅቅ ይችላል።

ቁልፉ «አስቀድሞ» የሚለው ላይ ነው። ፖሊመሩ ከጨዎቹ በፊት መግባት አለበት። ክሪስታሉ አድጎ ካለቀ በኋላ ቢገባ ለልብሱ ይጠቅም ይሆናል እንጂ ለቀዳዳው የሚፈይደው ነገር የለም። ፎርሙላው ወረቀት ላይ ያው ነው፤ ሚክሰር ላይ ያለው ሰው ግን ለሥራ ስለሚመቸው ቅደም ተከተሉን ገልብጦት ሊሆን ይችላል። በሌሊት ፈረቃ የሚሠራውን ራስሽ ቆመሽ እዪው። ሠራተኛውን ለመክሰስ ብለሽ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ለምን እንደሚያስፈልግ ማንም ነግሮት የማያውቅ ሊሆን ይችላል።

ሶዳ አሹንም ጠይቂ። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ፤ ላይትና ዴንስ። ላይቱ ሊትሩ 500 ግራም ገደማ ነው፣ ዴንሱ ወደ 1,000 ይጠጋል። በኬሚካል ሁለቱም ያው ሶዲየም ካርቦኔት ናቸው፤ ሰርተፊኬቱ ላይ ንጽሕናቸው አንድ ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። ዴንሱ ግን ቅንጣቱ ትልቅ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚሟሟው። ሚክሰሩ ውስጥ ያለው ጊዜ ካልበቃው መሀሉ ሳይሟሟ ይቀራል፤ ቡርካይቱም በሚገባ አይሠራም። የውጭ ምንዛሬ ሲጠብ ግዢ ክፍል ያገኘውን ያመጣል። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን አንብቢ፣ አንድ ሊትር ሞልተሽም መዝኚው። መልሱን በአምስት ደቂቃ ታገኚዋለሽ።

ስለሪው ታንክ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜም ለውጥ ያመጣል። ኖዝል ተደፍኖ መስመሩ ሲቆም ስለሪው እዚያው ይቆያል። ክሪስታሉ በዚያ ጊዜ ያድጋል፤ ትንንሾቹ እየሟሟ ትልልቆቹ ይወፍራሉ። ሙቀቱንም ያዢ። ሶዲየም ሰልፌት ሟሟነቱ ከፍተኛ የሚሆነው 32 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ስለሪው ሲሞቅ ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ የስለሪው ሙቀት በፈረቃ ከተለዋወጠ ከኖዝሉ በፊት ክሪስታል ሆኖ የሚወጣው ጨው መጠንም ይለዋወጣል። 70 ወይም 80 ዲግሪ ብላችሁ ከወሰናችሁ እዚያው ላይ ጽኑ።

ደግሞ የኖዝሉ ነገር አለ። ኖዝል ይበላል፤ ስለሪው ውስጥ ያልሟሟ ጨው አለ፣ ግፊቱም በአሥሮች ባር ነው። ቀዳዳው ሲሰፋ ጠብታው ይተልቃል። የጠብታ ዲያሜትር እጥፍ ሲሆን ለመድረቅ የሚፈጅበት ጊዜ ወደ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከተበላው ኖዝል የሚወጣው ውስጡ እርጥብ ሆኖ ታች ይደርሳል፣ ከአዲሱ ኖዝል የወጣው ደግሞ ከልክ በላይ ይደርቃል። የላቦራቶሪ እርጥበት ውጤትሽ የሁለቱ አማካይ ስለሆነ ትክክለኛ ቁጥር ያሳይሻል። እውነቱን ለማየት ዱቄቱን በወንፊት ለዪና የትልቁንና የደቃቁን እርጥበት ለየብቻ ለኪ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ኖዝሎቹን አውርዳችሁ አፋቸውን በብርሃን ላይ ያዙት። የተበላ ኖዝል ቀዳዳው ክብነቱን አጥቶ ጠርዙ ላይ ጭረት ይታያል።

አየርም አትርሺ። ስለሪው ሚክሰር ውስጥ ሲመታ አየር ይይዛል፤ አንዳንድ ፋብሪካ ዱቄት ለማቅለል ሆን ብሎ አየር ያስገባበታል። ይህም የትልቁ ቀዳዳ ምንጭ ነው እንጂ ደቃቁን አይጨምርም። አንድ ሊትር ስለሪ መዝኚ። ክብደቱ ከቀን ወደ ቀን የሚዋዥቅ ከሆነ የዱቄቱ ቡልክ ዴንሲቲም አብሮ ይዋዥቃል፤ ታወሩ ምንም ሳይነካ።

ውድ መሣሪያ ሳያስፈልግሽ ችግሩ የት እንዳለ የሚነግሩሽ ሁለት ፍተሻዎች አሉ። አንደኛው መርፌና ማጉያ መነጽር ነው። ጥቁር ወረቀት ላይ ጥቂት ቅንጣቶች በትኚ፣ በመርፌ ጫፍ ስበሪያቸው። እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰብሮ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ግድግዳውም የሚያብረቀርቅ ካገኘሽ ታወሩ ነፍቶታል፣ ገጹም ተለስኗል። ስትሰብሪው የሚፈረፈርና ውስጡ ድብዝዝ ነጭ የሆነ ካገኘሽ ክሪስታሉ ደህና ነው። ድሮ ደህና በነበረ ጊዜ የተቀመጠ ናሙና ካላችሁ ጎን ለጎን አድርጊው፤ ልዩነቱ ፊት ለፊት ይታይሻል።

ሁለተኛው የመጠጣት ፍተሻ ነው። ከታወር የወጣና ገና ያልተረጨበት 100 ግራም ዱቄት ሳህን ላይ አድርጊ። የምትጠቀሙበትን ኖንአዮኒክ ለብ አድርገሽ ጠብ እያደረግሽ አማስዪው። ዱቄቱ መፍሰሱን ትቶ መያያዝ ሲጀምር አቁሚና ስንት ግራም እንደገባ መዝግቢ። ከዚያ የጠጣውን ዱቄት ማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርገሽ ክብደት ጫኚበትና እስከ ማግሥቱ ተዪው። ወረቀቱ ላይ ቅባት ከወጣ ፈሳሹ ተይዞ የነበረው በትልቁ ቀዳዳ ነው። ይህን ከእያንዳንዱ ፈረቃ በወሰድሽው ናሙና ላይ ብትሠሪው ከቡልክ ዴንሲቲ የበለጠ ይጠቅምሻል።

ሜርኩሪ ፖሮሲሜትር ያለው ላቦራቶሪ ብታገኚ የሁለቱን ቀዳዳዎች ድርሻ በቁጥር ያሳይሻል። ላሁኑ ጉዳይ ግን የግድ አይደለም።

አካሄዱን በተመለከተ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አትለውጡ፤ ያኔ የትኛው እንደሠራ አታውቂም። ሙቀቱን ወደ 280 መልሳችሁ ብናኙ መቀነሱን እዩ። ቀጥሎ የሶዳ አሹን ዓይነትና የፖሊመሩን ቅደም ተከተል አጣሩ። የእኔ ግምት ችግሩ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ነው የሚል ነው። ፎርሙላችሁ ጭራሽ ፖሊመር ከሌለው፣ ድሮ ይጠጣ የነበረው ላይት ሶዳ አሽ ስለነበራችሁ ሊሆን ይችላል። ያኔ የምትረጩትን የኖንአዮኒክ መጠን ለጊዜው ቀንሱት፣ ወይም ከረጨችሁ በኋላ በደቃቅ ዚዮላይት አልብሱት። ዚዮላይቱ የቅንጣቱን ላይ ስለሚሸፍን መጣበቁን ይቀንሳል። ኖንአዮኒኩን ስለሪው ውስጥ ጨምሮ ለመገላገል ግን አትሞክሩ። ታወሩ ውስጥ ከፊሉ ይተናል፤ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭጋግ ሆኖ ይወጣል። መንደሩንም ያስቸግራል።

የጓጎለውን ምርት አትጣሉት። ፈጭታችሁ በወንፊት አሳልፉትና ወደ ስለሪ ሚክሰሩ በትንሽ በትንሹ መልሱት። በአንድ ባች (በአንድ ዙር ድብልቅ) ውስጥ ድርሻው አነስተኛ ይሁን፤ ብዙ ከገባ ይዞት የሚመጣው ኖንአዮኒክ አረፋ ያስነሳል፣ አረፋው አየር ይይዛል፣ ዱቄቱ እንደገና ይቀልባችኋል። ውስጡ ያለው ጨው አድጎ ያለቀ ክሪስታል ስለሆነ እሱም እስኪሟሟ ጊዜ ስጡት። ትኩሱ ውሃ ላይ ቀድማችሁ ጨምሩት፣ አሟሙት፣ ፖሊመሩን አስከትሉ፣ አዲሱ ሶዳ አሽና ሰልፌት ከዚያ በኋላ ይግቡ።